ዕጩ ሆኖ በሰላም ቤት መግባት፦ ከኮልፌ ቀራኒዮ የተገኘ ትምህርት

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የክፍል ሥራ ሳይሆን የእናቴ ጥያቄ ነው። ታላቅ እህቴ ለከተማው ምክር ቤት በግል ዕጩነት ለመወዳደር እንዳሰበች ለቤተሰቡ በተናገረች ማግስት፣ እናቴ ቡና እያፈላች ወደ እኔ ዞረችና “አንተ አስተዳደር ነው የምትማረው አይደል? ምርጫ ውስጥ የገባ ሰው እንዴት ነው በሰላም ቤቱ የሚገባው? ይሄን ያስተምሯችኋል?” አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አያስተምሩንም። ስለ ምርጫ ሥርዓት ዓይነቶች፣ ስለ አብላጫ ድምፅና ስለ ተመጣጣኝ ውክልና፣ ስለ ያልተማከለ አስተዳደር ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተምረናል። አንድ ዕጩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአየር ጤና ወደ ካራ ቆሬ በእግሩ ሲመለስ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን በየትኛውም ሞጁል ውስጥ አላገኘሁም። ስለዚህ ሰው መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። መምህራኖቻችን ጎደሎውን ቢሞሉልኝ ደስ ይለኛል።

እናቴ ከመሬት ተነስታ አይደለም የምትፈራው። በ1997 ዓ.ም ምርጫ ጊዜ ታናሽ ወንድሟ፣ እኛ ጋሼ የምንለው፣ በሰፈራችን ለአንድ ዕጩ የምርጫ ጣቢያ ወኪል ነበር። እኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ የማውቀው ሲተረክ ነው። በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት ወር ከሰፈር ልጆች ጋር ታፍሶ ተወሰደ፤ የት እንዳለ ሳይታወቅ ሳምንታት አለፉ። ሲመለስ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ጫማ ሳይኖረው ነበር። ጋሼ እስከ ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም። እናቴ ግን “ዕጩው ሳይሆን ወኪሉ ነው እንዲህ የሆነው፤ ዕጩ ቢሆንማ ኖሮ!” ትላለች።

እንደሚታወቀው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም የተካሄደው ምርጫ በአገራችን ታሪክ ከፍተኛ ፉክክር የታየበት ነበር። በአዲስ አበባ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ከተማውን የሚወክሉትን 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። የድምፅ መስጫው ዕለት በሰላም ነው ያለፈው። ሕዝቡ ገና ከሌሊቱ ተሰልፎ፣ ጃንጥላና በርጩማ ይዞ፣ አንዳንዱም ቁርሱን እዚያው በልቶ ነው የመረጠው። ደም የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው፦ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን ገለጸ። የታሰሩት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። የአዲስ አበባ ከንቲባ ይሆናሉ ተብለው የተመረጡት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ በከንቲባው ወንበር ሳይቀመጡ ቃሊቲ ገብተው፣ ከሌሎች የፓርቲው መሪዎች ጋር በይቅርታ የተፈቱት በሐምሌ 1999 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለእህቴ ጉዳይ ዋናው ነገር ይኼ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን አደጋው ያለው በቅስቀሳው ሰሞን ነው ብለን እናስባለን። መፈክር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ፖስተር መቅደድ፣ ስድብ የሚበዛው ያኔ ስለሆነ ነው። ግን የሞቱትን ሰዎች ታሪክ ስናይ ነገሩ ከዚያ የሰፋ ነው። በ2002 ዓ.ም ምርጫ የዓረና ዕጩ የነበረው አረጋዊ ገብረ ዮሐንስ በየካቲት ወር፣ ማለትም ከድምፅ መስጫው ወራት በፊት፣ ትግራይ ሽሬ ውስጥ በራሱ ምግብ ቤት በስለት ተወግቶ ተገደለ። በ2007 ዓ.ም ምርጫ የሰማያዊ ፓርቲ ዕጩ የነበረው የሕግ ባለሙያው ሳሙኤል አወቀ ደግሞ ምርጫው ግንቦት 16 ቀን ተካሂዶ፣ ሦስት ሳምንት አልፎ፣ በሰኔ ወር በሚኖርበት በደብረ ማርቆስ ተደብድቦ ሞተ። ፓርቲው ግድያው ፖለቲካዊ ነው፣ አስቀድሞም ዛቻ ይደርሰው ነበር ሲል፣ መንግሥት በበኩሉ የግል ጠብ ነው አለ። በ2013 ዓ.ም ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ ሊካሄድ ወራት ሲቀሩት የኢዜማ አባሉ ግርማ ሞገስ በየካቲት ወር ቢሾፍቱ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በሚያዝያ ደግሞ የአብን ዕጩ የነበረው በሪሁን አስፈራው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን ተገደለ።

የእነዚህ ሰዎች ፓርቲ፣ ክልልና ዘመን ይለያያል። አሟሟታቸውን አንድ ላይ ጨፍልቆ “ሁሉም አንድ ነው” ማለትም ስህተት ነው፤ የመተከሉ ሁኔታ ከደብረ ማርቆሱ በጣም ይለያል። አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ። አንዳቸውም መድረክ ላይ ቆመው ሲናገሩ አልተገደሉም። ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ካሜራ ባለበት፣ ፖሊስ በቆመበት ቦታ አይደለም። የተገደሉት በሚኖሩበትና በሚሠሩበት አካባቢ፣ ኑሯቸውን በሚኖሩበት ሰዓት ነው። ለእህቴ የነገርኳት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፦ “ስብሰባውን ያን ያህል አትፍሪው፤ ከስብሰባው ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አስቢበት።”

ሕጉ ምን ይላል? የምርጫ ሕጎቻችን፣ በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 532ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ዕጩን በምርጫው ሂደት ከእስር የሚጠብቅ ከለላ ያውቃሉ፤ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ዕጩ አይታሰርም የሚል ነው መንፈሱ። ሕጉ ብቻውን በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቢሆንም ዝም ብሎ ወረቀት ነው ማለትም አይቻልም። በ2013 ምርጫ የባልደራስ ዕጩዎች እነ እስክንድር ነጋ እስር ቤት እያሉ ምርጫ ቦርድ አልመዘግብም ሲል፣ ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍ/ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደርሶ በግንቦት ወር እንዲመዘገቡ ተወስኗል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቦርዱን ከስሶ ማሸነፍ እንደሚቻል አሳይቷል። ያም ሆኖ ሰዎቹ የተወዳደሩት ከእስር ቤት ሆነው ነው፤ ጎረቤት አንኳኩተው “ምረጡኝ” ሊሉ አልቻሉም።

የዚህ ከለላ ትልቁ ድክመት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ለዕጩዎች ሲነገር ግን አልሰማሁም። ከለላው የዕጩ ነው፤ ዕጩነት ደግሞ የምርጫው ውጤት ሲገለጽ ያበቃል። ያሸነፈ ሰው ምክር ቤት ገብቶ ወንበሩን ሲረከብ ሌላ ከለላ ያገኝ ይሆናል። የተሸነፈ፣ ወይም ያሸነፈም ሆኖ ገና ያልተረከበ፣ በመካከሉ ራቁቱን ነው። በ1998 ዓ.ም መጀመሪያ የቅንጅት ተመራጮች ብዙዎቹ ፓርላማ አንገባም ሲሉ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳውና ብዙም ሳይቆይ እስሩ የመጣው በዚችው ክፍተት ነው። ሳሙኤል አወቀም የሞተው ምርጫው አልፎ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከዕጩዎች ላይ ባነሳበት ሰሞን ነው። ስለዚህ እህቴን “ለቅስቀሳው ወር ብቻ አትዘጋጂ፤ ከምርጫው በኋላ ላሉት ሦስት ወራትም ተዘጋጂ” አልኳት። እሷ ሳቀችና “ብሸነፍም?” አለችኝ። ብትሸነፍማ ይብሳል፤ ማን ያስታውሳታል?

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። እስካሁን የጻፍኩት ስለ ሞትና ስለ እስር ነው። ይህ ግን ኮልፌ ውስጥ ያነጋገርኳቸው ሰዎች መጀመሪያ ያነሱልኝ ነገር አይደለም። ያነጋገርኳቸው ጋሼን፣ በ2013 ዓ.ም ተወዳድረው የተሸነፉ አንዲት እናትና ኮልፌ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ናቸው። ሦስቱም በተለያየ አነጋገር የነገሩኝ፣ በአካባቢ ምርጫ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው እንጀራው ነው። የቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ቤቱን ያስባል። ባለሱቅ የንግድ ፈቃድ እድሳቱን፣ አናጺው ከማኅበር የሚያገኘውን ሥራ፣ ወላጅ የልጁን የሥራ ድጋፍ ደብዳቤ ያስባል። ስኳርና ዘይት ከሸማቾች የሚወስድ ሰው ወረፋውን ያስባል። አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት ዘመን ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት የሚጠባበቅበት ሁኔታ እንደነበር ሁላችንም ቤተሰቦቻችን ሲያወሩ የሰማነው ነው። እኚያ የተወዳደሩት እናት ማንም አልዛተብኝም አሉኝ። “ማንም አልተቆጣኝም ልጄ። ሄጄ ጉዳዬን ስጠይቅ ‘ነገ ይምጡ’ ነው። ነገ ስመጣ ሰውዬው የለም። ይኼ ስድስት ወር ሆነ።” መሥሪያ ቤቱን ልጠቅስ አልፈልግም፤ ሆን ተብሎ ይሁን በተለመደው ቀጠሮ ማብዛት እሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም። ከባዱም ነገር ይኼው ነው፤ ማረጋገጥ አይቻልም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? እሳቸው ቢደግሙት የሚያደርጉትን ነገሩኝ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ምክር ከመጽሐፍ አላገኘሁም። ዕጩ ከመመዝገቡ በፊት በመንግሥት ቢሮ ያለውን ጉዳይ ሁሉ መጨረስ አለበት። መታወቂያው ጊዜው አልፎ ከሆነ ያሳድስ፤ ግብሩን ይክፈል፤ ደረሰኙን ኮፒ አድርጎ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ጋር ያስቀምጥ። የቤት ውሉ፣ የካርታው፣ የልጆቹ ልደት ምስክር ወረቀት ሁሉ እንደዚያው። የተከራየ ከሆነ አከራዩን ቀድሞ ያነጋግር፤ አከራይ ፖስተር በሩ ላይ ሲለጠፍ ካወቀ ይደነግጣል። ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ በእጅ መኖር አለበት። ይሄ ስለ ደኅንነት የተጻፈ ምክር አይመስልም አይደል? ግን አንድ ሰው በኑሮው ተጠምዝዞ ሲያዝ ነው ሌላው ነገር ሁሉ የሚመጣበት።

ቀጥሎ ማስታወሻ ደብተር ነው። ጡረተኛው ፖሊስ በዚህ ላይ ብዙ ተናገሩ። በሥራ ዘመናቸው ሰዎች “ዛቱብኝ” ብለው ሲመጡ “መቼ? ማን? ምን አለህ? ማን ሰማ?” ሲባሉ መመለስ እንደሚያቅታቸው፣ ክሱም እዚያው እንደሚቀር አጫወቱኝ። ዕጩ የደረሰበትን ነገር በዚያኑ ቀን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል ራሱን (ትርጓሜውን ሳይሆን)፣ አጠገቡ የነበረውን ሰው ጽፎ መያዝ አለበት። “ሊገድለኝ ነው” ተብሎ አይጻፍም፤ “‘ከምርጫው በኋላ እንተያያለን’ አለኝ” ተብሎ ነው የሚጻፍ። አቤቱታውም ለአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ለፖሊስ ጣቢያ በጽሑፍ ሰጥቶ የተመዘገበበትን ቁጥር መያዝ፣ ግልባጭ ለምርጫ ክልሉ ጽ/ቤት፣ ለፓርቲው (የግል ዕጩ ከሆነ ለሚያምነው የሕግ ሰው)፣ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን። ብዙ ቦታ የተጻፈ ዛቻ ለዛቹ ራሱ ይከብደዋል። የፖሊሱ አስተያየት ይኼ ነው። ጋሼ ግን በዚህ አይስማማም፤ ጻፍክ አልጻፍክ ለውጥ የለውም ባይ ነው። የጋሼን መራራነት ባልፈርድበትም፣ እኔ በፖሊሱ በኩል ነኝ። ከሃያ ዓመት በኋላም 193 እና 6 ብለን ቁጥሩን የምንጠራው የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ኮልፌ ቀራኒዮን የሚያውቅ አንባቢ ክ/ከተማው አንድ ዓይነት ቦታ እንዳልሆነ ያውቃል። በአጠና ተራና በእፎይታ ገበያ አካባቢ ሰው ለሰው ተጨናንቆ የሚኖርበት፣ ቀን ከሌሊት እንቅስቃሴ ያለበት ነው። ቤቴልና ዓለም ባንክ ግቢያቸው የተከለለ፣ በረንዳቸው ጭር ያለ። ወደ ቀራኒዮ መድኃኔዓለም፣ ወደ ካራ ቆሬ፣ ወደ ረጲ ሲኬድ ደግሞ የመንገድ መብራት ይሳሳል፤ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃ ይሆናል። ምርጫ ደግሞ በቅርቡ እንደታየው ሰኔ ላይ ሲውል (የ2013ቱ ሰኔ 14 ነበር) ክረምቱ ገብቷል ማለት ነው፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ፣ ማታ ጭለማ፣ ታክሲ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ቤት ለቤት የሚደረግ ቅስቀሳ ጭር ባሉት ሰፈሮች ጠዋት፣ በተጨናነቁት ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አዲስ በር አይንኳኳም። ሁለት ሆኖ ነው የሚኬደው፤ ዕጩዋ ሴት ከሆነች አብራት የምትሄደው ሴት ብትሆን የሚከፈተው በር ይበዛል፤ ሌላ ወንድ ደግሞ ትንሽ ርቆ ይከተል። ሰው ቤት ውስጥ “ግቡ” ሲባል አንደኛው በሩ አጠገብ ይቀመጥ።

(በነገራችን ላይ እኚያ የተወዳደሩት እናት በሙሉ የቅስቀሳ ጊዜያቸው ደም የፈሰሳቸው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ውሻ ነክሷቸው! ዓለም ባንክ በአንድ ግቢ በር ላይ። የአዲስ አበባ ሰው “ፓስተር” የሚለው ቦታ ሄደው መርፌ ተወጉ። ስለዚህ ዱላ ሳይሆን ጃንጥላ ያዙ፤ ጃንጥላ ለዝናብም ለውሻም ይሆናል፣ ማንንም አያስቆጣም።)

ሰዓትና ቦታን አስቀድሞ ማሳወቅ ሌላው ጣጣ ነው። ሕዝባዊ ስብሰባ ለማድረግ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው፤ ማሳወቁም የፖሊስ ጥበቃ ስለሚያስገኝ ጥሩ ነው። ግን የዕጩው የየዕለት ውሎ ሁሉ መታወቅ የለበትም። በእንግሊዝ አገር የፓርላማ አባሏ ጆ ኮክስ በሰኔ 2008 ዓ.ም የተገደለችው ነዋሪዎችን ለማነጋገር በያዘችው ቀጠሮ ቦታ ስትደርስ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ዴቪድ ኤሜስም እንዲሁ፣ ከመራጮቹ ጋር በሚገናኝበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ያውም ሥርዓት አለው በሚባል አገር። በሜክሲኮ በ2016 ዓ.ም ምርጫ ሰሞን ከሠላሳ በላይ ዕጩዎችና ዕጩ ለመሆን የተዘጋጁ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎቹ ለከተማና ለአካባቢ ሹመት የተወዳደሩ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዝቅተኛው ወንበር ደግሞ አደጋው ዝቅተኛ ነው ማለት አይደለም። የሰፈር ዕጩን ሁሉም ሰው ቤቱን ያውቀዋል።

ስለ ኮልፌ ከተነሳ አንድ እንግዳ ሳልጠቅስ ባልፍ የሰፈሬ ልጆች አይምሩኝም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሹ ዘንድ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። ተኩስ፣ ፈንጂ፣ ረጅም ጉዞ፣ ሁሉንም ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ተያዘ። ደርባን ላይ ከሚያውቁት ብዙ ሰዎች ጋር ተገናኝቶ፣ ግብዣ ላይም ተገኝቶ ነበር፤ እሱ ራሱ በኋላ በሕይወት ታሪኩ ላይ እንቅስቃሴውን በምስጢር በመያዝ በኩል ቸልተኛ እንደነበር አምኗል። ማንዴላ ዕጩ አልነበረም፣ ይፈለግ የነበረ ሰው ነው፤ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ግን ጡረተኛው ፖሊስ ይህን ታሪክ እንደ ራሳቸው ክፍል ታሪክ ነው የሚያወሩት፤ “የሚያስይዘው ጠመንጃ ማጣት አይደለም፤ ወሬ ማብዛት ነው” ይላሉ።

ስልክን በተመለከተ ታሪካችን ግልጽ ትምህርት ሰጥቶናል። ከ1997 ምርጫ በኋላ የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ወደ ሚሌኒየሙ ዋዜማ ነው። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜም ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጧል። እናም የዕጩ ደኅንነት በቴሌግራም ቡድን ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ኔትወርክ ቢጠፋ የት እንገናኛለን? በስንት ሰዓት ካልመጣሁ ማን ይፈልገኛል? ይህ አስቀድሞ በቃል መነገር አለበት። የጠበቃና የሁለት ዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በኪስ ይያዝ፤ ስልኩ ከተወሰደ ማን ቁጥር ያስታውሳል? የደጋፊዎች ስም ዝርዝር ደግሞ በአንድ ስልክ ተጠራቅሞ አይያዝ። የድጋፍ ፊርማ የሚያሰባስብ ከሆነም ቅጹ ጠረጴዛ ላይ የሚጣል ወረቀት አይደለም፤ ዕጩው ራሱን ሲጠብቅ የፈረሙለትንም መጠበቅ አለበት። የጋሼ ጉዳይ ይህን ያስታውሰናል፤ ዕጩው ታዋቂ ስለሆነ ይጠየቅለታል፣ ወኪሉን ግን ማን ይጠይቅለታል?

ዕድር ላይ ትንሽ ልቆይ። እህቴ የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ናት፤ የመወዳደር ሐሳቡም የመጣላት ከዚያ ነው። ሰፈሩ በውሃ ፈረቃ፣ በፍሳሽ መውረጃ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በቆሼ ከ110 በላይ ሰው ከቀበረው የቆሻሻ ናዳ በኋላ ደግሞ በዚያ አካባቢ ደኅንነት የተነሳ ሁልጊዜ ሲያወራ ትሰማለች፤ ለቅሶ ላይ ይወራል፣ ስብሰባ ላይ አይወራም። ብዙ ዕድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ፖለቲካና ሃይማኖት አይነሳብን ይላሉ። ይህን ማክበር አለባት። ድንኳኑ ሥር ቅስቀሳ፣ የዕድሩን መዝገብ ለስም ዝርዝር መጠቀም፣ ጡሩምባ ነፊውን ፖስተር ማስለጠፍ፣ እነዚህ ሁሉ የምትታመንበትን ቤት ማፍረስ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ለሰፈር ዕጩ ትልቁ ጥበቃ ጎረቤት ነው፤ ማታ ጩኸት ሲሰማ በሩን የሚከፍተው ሌላውን ፓርቲ የሚደግፈው ጎረቤትም ጭምር ነው። ዕድሩ ከተከፈለ ያ በር ይዘጋል። ስለዚህ ጸሐፊነቷን ለጊዜው ለሌላ ሰው አስረክባ፣ ዕድርተኛ ብቻ ሆና እንድትቀጥል ተስማማን።

ከራሷ ደጋፊዎች የሚመጣውም ችግር ቀላል አይደለም። ኮልፌ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጋሞው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቆ የሚኖርበት ነው፤ ከቡራዩና ከሰበታ በኩል ካለው የሸገር ከተማ ጋርም ይዋሰናል። በመስከረም 2011 በቡራዩና አካባቢው ከደረሰው ጥቃት የሸሹ ሰዎች ሻንጣና ልጅ ይዘው በእኛ በኩል ሲገቡ አይተናል፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ ዳቦ ጋግራ ስታስወስድ አስታውሳለሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ጎረምሳ ደጋፊ በስካር የሚናገራት አንዲት ቃል በዕጩዋ ስም ነው የምትመዘገበው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። አብሯት የሚዞር ሰው ዱላ እንዳይዝ፣ እንዳይጠጣ፣ የሌላውን ፖስተር እንዳይነካ፣ ስድብ በስድብ እንዳይመልስ በመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት፤ እምቢ ካለ፣ የአክስት ልጅም ቢሆን፣ ይመለስ።

ጠባቂ ስለመያዝ ጋሼና ፖሊሱ ተከራከሩብኝ። ጋሼ፣ ጠባቂ ይዞ ሰፈሩ የሚገባ ዕጩ ሕዝቡን አልፈልግህም እንዳለው ነው ይላል። ፖሊሱ ደግሞ የሞተ ዕጩ ማንንም አይወክልም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ የደረስኩበት፣ ጥሩ ጠባቂ ጠባቂ የማይመስል ነው፤ ከታክሲ ወርዶ እስከ በሯ አብሯት የሚሄድ የሰፈር ልጅ፣ መብራት አብርቶ የሚጠብቅ ባለሱቅ። ዛቻው በስም፣ በሰዓት፣ በተደጋጋሚ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ዘመድ ቤት ማደር፣ ቅስቀሳውን ለቀናት ማቆም፣ እንዲያውም ከውድድሩ መውጣት እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም። በ2000ም በ2005ም የአካባቢ ምርጫዎች ተቃዋሚ ፓርቲዎች በየምክንያታቸው ራሳቸውን ማግለላቸው ይታወቃል፤ በ2005 ሠላሳ ሦስት ፓርቲዎች በጋራ አንሳተፍም ብለዋል። ትክክል ነበሩ አልነበሩም ሌላ ክርክር ነው። እኔ ስለ ፓርቲ ሳይሆን ስለ አንዲት እህቴ ነው የማወራው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና “አንተ ጨርሰሃል? እኔ ልናገር” አለች። ሦስት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ እህቴ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤት ትግባ፤ ካልገባች እኔ አጠና ተራ ድረስ ወጥቼ እንድፈልጋት። ሁለተኛ፣ የልጇን የትምህርት ቤት መውሰጃ ሰው ከአሁኑ እንድትወስን። ሦስተኛ፣ ጋሼ ወኪል እንዳይሆን። ጋሼ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ዝም ብሎ ሲኒውን አዞረና “እኔማ ነኝ ወኪሏ፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው?” አለ። እናቴ አልመለሰችለትም። በማግስቱ ግን መርካቶ ወርዳ ሁለት የእጅ ባትሪ ገዝታ መጣች፤ አንዱን ለእህቴ፣ አንዱን ለእሱ ሰጠች።